ከርስት ወደ ኪራይ፦ የታኮማና የአካባቢዋ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የገንዘብ ታሪክ

በታኮማ መሀል ከተማ፣ አሮጌ የቀይ ሸክላ መጋዘኖች በተደረደሩበት ዳገት ላይ፣ በ1902 የተሠራ አንድ ሕንጻ አለ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ሲሠራ ለመጽሐፍ ታስቦ አልነበረም። ከስኖኳልሚ ፏፏቴ በሽቦ ተጉዞ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ኃይል ለከተማው አገልግሎት እንዲመች ዝቅ የሚያደርጉ ትራንስፎርመሮች ይቀመጡበት ነበር። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ1990 የመሠረተው የታኮማ ቅርንጫፍ በ1997 ወደ እነዚህ መጋዘኖች ሲዛወር፣ ይህ የትራንስፎርመር ቤት ቤተ መጻሕፍት ሆነ።

ያ ቤት ራሱ ምንም ኃይል አያመነጭም ነበር፤ ከሌላ ስፍራ የመነጨውን ተቀብሎ ያከፋፍላል። የዛሬው ሥራውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ተማሪዎች በውስጡ ተቀምጠው ከሚያነቡት አብዛኛው በመደርደሪያው ላይ የለም፤ በሽቦ ነው የሚመጣው። በዚያው አካባቢ ያሉት ሁለቱ የግል ተቋማት፣ የፑጀት ሳውንድ ዩኒቨርሲቲና የፓሲፊክ ሉተራን ዩኒቨርሲቲ፣ ከቅርንጫፉ ይልቅ የቆየ ክምችት ቢኖራቸውም ከዚህ ሁኔታ ውጭ አይደሉም።

የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ወደፊት ለክምችታቸው ምን ያህል ገንዘብ ያውጡ የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ የመጠን ክርክር ሆኖ ይቀርባል፤ ይጨመር ወይስ ይቀነስ? የአካባቢው የመቶ ዓመት ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነገር ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ለመቆጠብ በተባበሩ ቁጥር በእርግጥ ቆጥበዋል። የቆጠቡት ግን ውሎ አድሮ መስመሩን የያዘው ወገን እጅ ውስጥ ሲገባ ታይቷል።

በመጀመሪያ ዘመን መለኪያው የጥራዝ ቁጥር ነበር። ብዙ መጽሐፍ ያለው ዩኒቨርሲቲ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ነው። በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሄንሪ ሱዛሎ ካቴድራል የሚመስል ቤተ መጻሕፍት ሲያስገነቡ በዚሁ እምነት ነበር። የሕንጻው የመጀመሪያ ክፍል በ1926 ተጠናቀቀ፤ በዚያው ዓመት ከአገረ ገዢው ከሮላንድ ሃርትሊ ጋር የከረረ ጠብ ውስጥ የነበሩት ሱዛሎ ከሥልጣናቸው ተነሡ። ሕንጻው ለተቃዋሚዎቻቸው የብክነት ምልክት ነበር። ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የቤተ መጻሕፍት ወጪ ፖለቲካ የሌለበት የሒሳብ ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ታሪክ ቢያስታውስ አይጎዳም።

የቁጥር አምልኮው ወዴት እንደሚያደርስ በግልጽ ያሰላው በኮነቲከት የዌስልያን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ፍሪሞንት ራይደር ነው። በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ የአሜሪካ የምርምር ቤተ መጻሕፍት ክምችት በየ16 ዓመቱ እጥፍ እንደሚሆን ገመተ። ሒሳቡን ወደፊት ሲገፋው የየል ዩኒቨርሲቲ በ2040 ወደ 200 ሚሊዮን ጥራዝና 6,000 ማይል የሚረዝም መደርደሪያ ይኖረዋል የሚል ውጤት ላይ ደረሰ። ግምቱ አልሠመረም፤ እንዲህ ያለ ግምት ሊሠምርም አይችልም፤ ገንዘቡና ቦታው ቀድሞ ያልቃልና። ራይደር ያቀረበው መፍትሔ መጽሐፉን በጥቃቅን ፎቶግራፍ አድርጎ በካርድ ላይ ማስቀመጥ ነበር። ካርዱ ተረስቷል፤ ጥያቄው ግን አልተረሳም። ሁሉም ሁሉን ነገር መግዛት ካልቻለ ማን ምን ይግዛ?

ለዚህ ጥያቄ የሰሜን ምዕራቡ ሰዎች ከሌሎች ቀድመው በደቦ መልስ መፈለግ ጀምረው ነበር። አካባቢው ሰፊ፣ ሕዝቡ ጥቂት፣ ታላላቆቹ የምሥራቅ ጠረፍ ክምችቶች ደግሞ ሩቅ ነበሩ። በካርኔጊ የገንዘብ ድጋፍ በሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተቋቋመው የፓሲፊክ ሰሜን ምዕራብ የመጻሕፍት መረጃ ማዕከል የክልሉን ቤተ መጻሕፍት ካርዶች በአንድ ካታሎግ አሰባሰበ። አንዱ ቤተ መጻሕፍት የሌለውን መጽሐፍ የትኛው እንዳለው ጠይቆ መዋስ ቻለ። በ1970ዎቹ ደግሞ በኦሊምፒያ የሚገኘው የግዛቱ ቤተ መጻሕፍት የቦይንግ የኮምፒዩተር አገልግሎት ክፍል በሠራው ሶፍትዌር የዋሽንግተን የቤተ መጻሕፍት መረብን ዘረጋ። አውሮፕላን ሠሪው ድርጅት ለመጽሐፍ ካታሎግ ሶፍትዌር መሥራቱ የሲያትልን ጠባይ ለሚያውቅ አያስገርምም። ሶፍትዌሩ ጥሩ ስለነበር የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር ወስዶ ተጠቀመበት። መረቡ እስከ 1999 በራሱ ቆሞ በዚያው ዓመት በኦሃዮ ከተመሠረተው ትልቁ የቤተ መጻሕፍት ኅብረት ከኦሲኤልሲ ጋር ተዋሐደ። ክልሉ በራሱ ገንዘብ ያሳደገው መሣሪያ በዚህ መንገድ ከእጁ ወጣ።

በአገር ደረጃም ተመሳሳይ ሙከራ ነበር። ከ1948 እስከ 1972 የቆየው የፋርሚንግተን ዕቅድ ለምርምር የሚጠቅም ማንኛውም የውጭ አገር መጽሐፍ ቢያንስ አንድ ቅጂው በአንድ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት እንዲገኝ ኃላፊነቱን በተቋማቱ መካከል አከፋፈለ። በ1966 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በናይሮቢ የከፈተው ጽሕፈት ቤትም የዚሁ አስተሳሰብ ልጅ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ከምሥራቅ አፍሪካ አገሮች፣ ከኢትዮጵያም ጭምር፣ መጻሕፍትንና መጽሔቶችን እየገዛ ለራሱና ለተባባሪ ዩኒቨርሲቲዎች ይልክ ነበር። በአሜሪካ መደርደሪያዎች ላይ በዘመኑ አዲስ አበባ የታተሙ የአማርኛ ልብ ወለዶች የሚገኙት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ገብተው ነው።

ከዚያ አንድ የማይመች ጥናት መጣ። በ1979 የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቤተ መጻሕፍታቸው በ1969 የገዛቸውን መጻሕፍት ተከታትለው ከእነዚያ ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት በ6 ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜም በውሰት እንዳልወጡ አሳዩ። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ተቆጡ፤ በክፍሉ ውስጥ የተነበበው አልተቆጠረም፣ መጽሐፍ የሚገዛው ለ6 ዓመት ብቻ አይደለም አሉ። ሁለቱም ትክክለኛ ተቃውሞዎች ናቸው። ነገር ግን ገንዘብ ለሚሰጡት አስተዳዳሪዎች አንድ ሐሳብ ተተከለ፦ አስቀድሞ መግዛት ብክነት ሊሆን ይችላል።

ሐሳቡ በክፉ ጊዜ ነው የደረሰው፤ የምርምር መጽሔቶች ዋጋ በወቅቱ ሽቅብ ይወጣ ነበርና። ምክንያቱ ለኢኮኖሚስት ግልጽ ነው። አንድ የኬሚስትሪ መጽሔት በሌላ የኬሚስትሪ መጽሔት አይተካም፤ የሚመርጠው ተመራማሪ ነው፣ የሚከፍለው ቤተ መጻሕፍቱ። መራጩ ዋጋውን የማያይበት፣ ከፋዩ የማይመርጥበት ገበያ ዋጋን የሚገታ ልጓም የለውም። ሮበርት ማክስዌል በፐርጋሞን ማተሚያ ድርጅቱ ይህን ከብዙዎች በፊት ተረድቶት ነበር፤ በ1991 ድርጅቱን ለኤልስቪየር ሸጠ። ከ1986 እስከ አዲሱ ምዕተ ዓመት መግቢያ ባለው ጊዜ ውስጥ ታላላቆቹ የአሜሪካ የምርምር ቤተ መጻሕፍት ለአንድ መጽሔት የሚከፍሉት አማካይ ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ፤ የሚገዙት የመጽሐፍ ቁጥር ደግሞ ቀነሰ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ኢንተርኔት ሲመጣ አሳታሚዎቹ አዲስ ውል አቀረቡ፦ መጽሔቶቻችንን በሙሉ በአንድ ጥቅል ውሰዱ፤ እስካሁን ትከፍሉ ከነበረው ጥቂት ብቻ ጨምሩ፤ ለብዙ ዓመት ፈርሙ። ለትንሽ ኮሌጅ የማይታመን ስጦታ ነበር፤ በጥቂት መቶ መጽሔት ፋንታ ሺዎችን አገኘ። በ2001 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ኬኔት ፍሬዚየር ባሳተመው ጽሑፍ ባልደረቦቹን አስጠነቀቀ፤ ጥቅሉን አንዴ ከገባችሁበት መውጫው ከባድ ነው፣ መምረጥ ትታችኋልና አለ። ብዙዎች አልሰሙትም።

ወጥመዱ እንዴት እንደሚሠራ በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። አንድ ቤተ መጻሕፍት ለክምችት 100 ብር አለው እንበል። ከዚህ ውስጥ 70 ብሩ በውል ለታሰሩ ጥቅሎች ይሄዳል፤ 30 ብሩ እንደ ፍላጎቱ የሚያዝበት ነው። የጥቅሎቹ ዋጋ በየዓመቱ በ6 በመቶ፣ በጀቱ ደግሞ በ2 በመቶ ቢያድግ፣ ከ5 ዓመት በኋላ ነጻው ገንዘብ ወደ 17 ብር ይወርዳል፤ በ9ኛው ዓመት 1 ብር ያህል ብቻ ይቀራል፤ በ10ኛው ዓመት ጥቅሎቹ ከበጀቱ ይበልጣሉ። ማንም አንድ መጽሐፍ ለመቀነስ አልወሰነም፤ በጀቱም በስም አልተቆረጠም። መጽሐፉ ግን ጠፋ። የጠፋው ደግሞ የትኛውም ዓይነት መጽሐፍ አይደለም፤ በጥቅል የማይሸጠው ነው፦ የአነስተኛ አሳታሚ ሥራ፣ የአካባቢ ታሪክ፣ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ የታተመው።

የሰሜን ምዕራቡ ሰዎች ለዚህም በደቦ ነው መልስ የሰጡት። በ1993 በኦሪገን የተመሠረተው ኦርቢስና በዋሽንግተን ግዛት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተቋቋመው ካስኬድ በ2002 ተጣምረው ኦርቢስ ካስኬድ ጥምረትን ፈጠሩ። ከታኮማ ተቋማት ቅርንጫፉ በሲያትሉ ዩኒቨርሲቲ በኩል፣ የፑጀት ሳውንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በራሱ ስም በዚህ ጥላ ሥር ናቸው። ሰሚት በተባለው የጋራ ካታሎግ ታኮማ የተቀመጠ ተማሪ በዩጂን ወይም በፑልማን ያለን መጽሐፍ ያዝዛል፤ መጽሐፉ በጥቂት ቀን በመኪና ይደርሰዋል። በዚህ መተማመን ላይ ተመሥርቶ ጥምረቱ አንድ መጽሐፍ በአባላቱ ዘንድ 3 ቅጂ ካለው ሌላው አባል ከመግዛቱ በፊት ደግሞ እንዲያስብ መከረ። ትእዛዝ አይደለም፣ ምክር ነው። ነገር ግን ከሱዛሎ ዘመን ወዲህ የታየው ትልቁ የአስተሳሰብ ለውጥ ምናልባት ይህ ነው፤ ጎረቤት መደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍ እንደ ራስ መጽሐፍ ተቆጠረ።

በ2011 ጥምረቱ አንድ እርምጃ ጨመረ። በሺዎች የሚቆጠሩ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ሳይገዙ በካታሎጉ ውስጥ ተዘረዘሩ። አንባቢ አንዱን ከፍቶ ሲያነብ ጥምረቱ የአጭር ጊዜ ኪራይ ይከፍላል፤ ኪራዩ በተወሰነ ቁጥር ሲደጋገም መጽሐፉ ለሁሉም አባላት ይገዛል። አሳታሚዎች ለሠላሳ ምናምን ተቋማት በአንድ ቅጂ ዋጋ መሸጥን ስላልተቀበሉ ሲገዛ የሚከፈለው ከሽፋን ዋጋው ብዙ እጥፍ ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ እያንዳንዱ ለብቻው ቢገዛ ከሚያወጣው እጅግ ያንሳል። የፒትስበርጉ ጥናት ያነሣው ችግር የተፈታ መሰለ፦ ማንም የማያነበውን መጽሐፍ ማንም አይከፍልበትም።

አሳታሚዎቹም ሒሳብ ያውቃሉ። ሳይነበብ የተቀመጠው 40 በመቶ ለቤተ መጻሕፍቱ ብክነት ቢሆንም ለአሳታሚው ገቢ ነበር፤ በተለይ ለትናንሽ የዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤቶች። ገቢው ሲቀንስ በ2014 በርካታ አሳታሚዎች የአጭር ጊዜ ኪራዩን ዋጋ ከፍ አደረጉ፤ አንዳንዶቹ በእጥፍ። ሌሎች አዳዲስ መጻሕፍታቸውን ከዝርዝሩ አወጡ። ቁጠባው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ግን ዋጋውን የሚወስነው ማን እንደሆነ ታወቀ።

በተመሳሳይ ጊዜ ጥምረቱ ሌላ ትልቅ ሥራ ላይ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 መጀመሪያ ድረስ 37ቱም አባላት በየራሳቸው ይጠቀሙበት የነበረውን የካታሎግና የግዢ ሥርዓት ትተው የኤክስ ሊብሪስ ኩባንያ በሠራው በአንድ የጋራ ሥርዓት፣ በአልማ፣ ገቡ። በሙያው ብዙ የተደነቀ ሥራ ነው፤ መደነቁም ተገቢ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን በገበያው ላይ ሌላ ነገር ይካሄድ ነበር። ጥምረቱ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍቱን ያገኝበት የነበረውን ኢቢኤልን በ2013 ፕሮኩዌስት ገዛው። ኤክስ ሊብሪስንም በ2015 ፕሮኩዌስት ገዛው። ፕሮኩዌስትን ራሱን በ2021 ክላሪቬት በ5.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ክላሪቬት ተመራማሪዎች ማን ማንን ጠቀሰ ብለው የሚለኩበትን የዌብ ኦፍ ሳይንስ መዝገብም ይዟል። እንግዲህ መጽሐፉን የሚያቀርበው፣ ግዢውን የሚመዘግበው ሶፍትዌርና የምርምሩን ክብደት የሚለካው መዝገብ በአንድ ባለቤት እጅ ገቡ። ሠላሳ ሰባት ገዢዎች አንድ ሆነው ለመደራደር ተሰባሰቡ፤ ሻጮቹም አንድ ሆነው ጠበቋቸው።

የካቲት 2025 ላይ ክላሪቬት መጻሕፍትን ለአንዴና ለዘለቄታው መሸጥ እንደሚያቆም፣ ከዚያ በኋላ በየጊዜው በሚታደስ ክፍያ ብቻ እንደሚያቀርብ አስታወቀ። የመጀመሪያው ቀነ ገደብ የዚያው ዓመት መጨረሻ ነበር፤ ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች በተነሣው ቁጣ ምክንያት እስከ ሰኔ 2026 ተራዘመ። ተራዘመ እንጂ አልተሰረዘም።

የኢትዮጵያን የመሬት ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ባለርስት መሬቱ ቢጠብም ከዓመት ዓመት የሚነቅለው የለም፤ ጭሰኛ ግን ሰፊ ማሳ ቢያርስም የዘንድሮው እህል ለሚመጣው ዓመት ዋስትና አይሆነውም። የሱዛሎ ዘመን ቤተ መጻሕፍት ጠባብ ርስት ነበረው፤ የዛሬው ሰፊ ኪራይ አለው። በኪራይ የሚገኘው ነገር በእርግጥ ብዙ ነው፤ በ1950 የታኮማ ተማሪ በሕልሙ እንኳ የማያየውን ያህል። ስለዚህ ርስት ብቻ ይሻላል ማለት ሞኝነት ነው። ሆኖም በጀት በጠበበ ዓመት ባለርስቱ አዲስ መጽሐፍ አይገዛም፤ ተከራዩ ግን አሮጌውንም ያጣል። ይህ ልዩነት በዓመታዊ የሒሳብ መግለጫ ላይ አይታይም፤ ሁለቱም ወጪዎች በአንድ ዓምድ ይጻፋሉና።

በኢትዮጵያ በኩል ይህ ልዩነት የበለጠ ይሰማል። በ2002 የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር የጀመረው ሂናሪ የተባለ መርሐ ግብር ለድሃ አገሮች ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ ከፈተ፤ የኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት ቤቶችም ተጠቃሚ ሆኑ። ብዙ ጥቅም ሰጥቷል። ነገር ግን በጥር 2011 በዚሁ መርሐ ግብር ይጠቀሙ የነበሩ የባንግላዴሽ ተቋማት፣ አሳታሚዎች በአገሪቱ ገበያ እናገኛለን ብለው ስላሰቡ፣ በርካታ መጽሔቶች እንደሚዘጉባቸው ተነገራቸው። ጩኸት ተነሥቶ ውሳኔው ተቀለበሰ። ስጦታም ቢሆን ቁልፉ በሰጪው ኪስ እስካለ ድረስ የኪራይ ዓይነት ነው።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው ሥራ በ1973 ተጀመረ። የኢትዮጵያ ቤተ ክህነትና የሚኒሶታው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ በመተባበር በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ፤ በጦርነቱና በአብዮቱ ዘመን ሁሉ ቀጥሎ ወደ 9 ሺህ የሚሆኑ መጻሕፍት ተነሡ። ታላቁ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የካታሎጉ ሥራ ላይ አዋሉት። የፊልሙ ቅጂ በሁለቱም አገሮች እንዲቀመጥ መደረጉ የውሉ ዋና ነጥብ ነበር። በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ የለበትም፤ ኩባንያ ቢሸጥ ቢለወጥ ፊልሙ አይዘጋም። ራይደር በ1944 ያሰበው ጥቃቅን ፎቶግራፍ በአሜሪካ የምርምር መጻሕፍት ላይ ሳይሆን በጎንደርና በሸዋ ብራናዎች ላይ ቁም ነገር ሠራ።

የሰሜን ምዕራቡም ቢሆን ከጥቅል የመውጣት ልምድ አለው። ከጥምረቱ አባላት መካከል የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ የኤልስቪየርን ትልቁን ጥቅል ትቶ መጽሔቶችን በተናጠል መግዛት ጀመረ። በ2012 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከተቋረጡት መጽሔቶች በውሰት የተጠየቀው ጽሑፍ ቀድሞ ከሚወርደው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነበር። የተፈራው ጥፋት አልደረሰም። በ2019 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከዚሁ አሳታሚ ጋር ያለውን ውል ሳያድስ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ በ2021 የመምህራኑ ጽሑፎች ለሁሉም ክፍት በሚሆኑበት አዲስ ውል ተመለሰ። ትልቅ ገዢ መውጣት እንደሚችል ሲታመን ዋጋው ይለወጣል፤ ትንሹ የታኮማ ተቋም ብቻውን ይህ ጉልበት የለውም፣ በጥምረቱ ውስጥ ግን አለው።

ታኮማ በመብራት ረገድ ይህን ክርክር ከመቶ ዓመት በፊት ጨርሳዋለች። ነዋሪዎቿ በ1893 የመብራትና የውኃ ድርጅቱን ከግል ኩባንያ ገዝተው የከተማዋ ንብረት አደረጉት፤ በ1912 ደግሞ ከተማዋ በኒስኳሊ ወንዝ ላይ የራሷን ኃይል ማመንጫ አቆመች። ከስኖኳልሚ የሚመጣው የግል ኩባንያ ኃይል አልተቋረጠም፤ ከተማዋ ግን ከዚያ ወዲህ የራሷን ምንጭ ይዛ ነበር የምትደራደረው። ለቤተ መጻሕፍቱ የዚህ አቻ የሚሆኑት ነገሮች ብዙም የረቀቁ አይደሉም፦ ከነጻው ገንዘብ ላይ ጥቅል የማይነካው ድርሻ በጽሑፍ መወሰን፤ በእያንዳንዱ የኤሌክትሮኒክ ውል ላይ ፋይሉን በራስ ኮምፒዩተር የማስቀመጥ መብት መጠየቅ፤ በጥምረቱ አባላት መካከል በጥቅል የማይመጡትን ቋንቋዎች እንደ ፋርሚንግተን ዘመን ተከፋፍሎ መያዝ። አማርኛን ሲያትል ወይም ታኮማ ቢይዘው ከማንም ይልቅ ይቀናዋል፤ አንባቢዎቹ እዚያው ናቸው፣ በሬኒየር ሸለቆ መጽሐፍ ይዞ ከአዲስ አበባ የሚመለስ መንገደኛም አይጠፋም። የኤልስቪየር ውል በሚታደስበት ስብሰባ ላይ ግን ስለ እነዚህ መጻሕፍት የሚያነሣ ሰው ወንበር አልተዘጋጀለትም።